ሽምብራን ገና በቡቃያው ማወቅ

ካዛንቺስ አንድ ሽሮ ቤት ገብታችሁ ተጋቢኖ አዛችኋል እንበል። እየተንተከተከ ቀርቦ፣ እስኪበርድ መታገስ ግድ በሚሆንባት በዚያች አፍታ ይህን ላጫውታችሁ። ሽሮው የሽምብራ ከሆነ፣ የተፈጨችው እያንዳንዷ ፍሬ በየሕዋሷ 740 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ጽሑፍ ነበራት። አተር ከገባበት የአተሩ ጽሑፍ ወደ 4.5 ቢሊዮን ፊደል ይጠጋል። ጓያ ጣል ተደርጎበት ከሆነ የጓያው 6.3 ቢሊዮን ነው። ባቄላማ ጉድ ነው፤ 13 ቢሊዮን! የእኛ የሰዎች 3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በፊደል ብዛት ከሄድን ባቄላ ሰውን ከአራት እጥፍ በላይ ያስከነዳዋል። (ብዙ አትደንግጡ። አብዛኛው የባቄላ ጽሑፍ ራሱን በራሱ እየገለበጠ የተባዛ ድግግሞሽ ነው።)

ከእነዚህ ሁሉ አጭሩ የሽምብራ መሆኑ ለሽምብራ ዕድል ሆነለት። አጭር ጽሑፍ በርካሽ ይነበባል። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ ያለው ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም የመራው ቡድን ሲዲሲ ፍሮንቲየር የተባለውን የካናዳ ሽምብራ ጽሑፍ አንብቦ አወጣ። በውስጡም 28,269 ጂኖች ቆጠረ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ እኛ አገር ገለቱ የተባለ አዲስ የሽምብራ ዝርያ ለገበሬ ተለቀቀ። የሽምብራን ዲኤንኤ ማንበብና ገለቱን ማግኘት እንዴት እንደተገናኙ ካወቃችሁ፣ የዘረመል ምልክት የሚባለው ነገር ገብቷችኋል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በቅርብ ጊዜ ከሰማኋቸው የሳይንስ ታሪኮች እንደዚህ ያስደሰተኝ የለም።

መጀመሪያ የሽምብራን ችግር እንይ። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ወደ ማሳ የሚገባው። በአዳአ፣ በምንጃር፣ በደምቢያ፣ ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ እምብዛም አያገኝም፤ አፈሩ በክረምት የጠጣውን ውሃ እየመጠጠ ያድጋል። ጎዳና ዳር ከነቅጠሉ በእቅፍ እየታሰረ የሚሸጠው እሸት እንዲህ ያደገ ነው። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ላይኛው አፈር ይደርቅና ውሃው ወደ ታች እየራቀ ይሄዳል፤ ሽምብራው ደግሞ የሚያብበውና ፍሬ የሚቋጥረው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሥሩ ጠልቆ የሄደ ይተርፋል። ሥሩ አጭር የሆነው አበባውን ያረግፋል፤ ቢያፈራም ፍሬው ይጨማደዳል።

እንግዲህ ለአዳቃዩ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሥረ ረጅሙን መርጦ ማዳቀል። ግን ሥርን ማን አይቶት ያውቃል? ተክሉን ብትነቅሉት ሥሩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ተክሉም ይሞታልና ዘር አይሰጣችሁም። ኢክሪሳት ውስጥ ለዚህ ሲሉ ቁመታቸው 120 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የፕላስቲክ ቱቦዎች አፈር እየሞሉ ሽምብራ ዘሩባቸው። ከአንድ ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ ቱቦውን ባዶ አድርገው፣ ሥሩን በውሃ አጥበው ይለኩታል። በመቶ የሚቆጠሩ ተክሎችን እንዲህ እያጠቡ መለካት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። በየትውልዱ እንዲህ አድርጎ ዝርያ ማውጣት የማይታሰብ ነው።

ምልክት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ለሰው ቤት ስንጠቁም የቤት ቁጥር የምንጠራ ስንቶቻችን ነን? «ኢሲኤን አልፈህ»፣ «ቶታሉ ጋ ስትደርስ ታጠፍ»፣ «ኡራኤል ሳትደርስ በስተግራ» ነው የምንለው። ቶታሉ የምንፈልገው ቤት አይደለም፤ ከቤቱ ባለቤት ጋርም ዝምድና የለውም። ከሩቅ የሚታይና ከቤቱ የማይርቅ መሆኑ ግን ይበቃናል። የዘረመል ምልክትም እንደዚሁ ነው። ሥርን የሚያረዝመው ጂን የትኛው እንደሆነ ባናውቅም፣ ከጎኑ የማይጠፋ በቀላሉ የሚለይ የጽሑፍ ቁራጭ ካገኘን፣ ያንን ቁራጭ ፈልገን ጂኑ እዚያው እንዳለ እንገምታለን። ለዚህ ተክሉ እስኪያድግ መጠበቅ አያሻም። ከበቀለ ጥቂት ቀን ከሆነው ቡቃያ አንዲት ቅጠል ቀንጥሶ መመርመር ይበቃል።

እሺ፣ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ቁራጭ ከየት ይመጣል? ሽምብራ እዚህ ላይ ደግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ቲኤኤ፣ ቲኤኤ፣ ቲኤኤ እያለ የሚንተባተብባቸው ቦታዎች ሞልተዋል። ሕዋስ ሲባዛ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቁጥር ይጠፋበትና አንድ ዙር ይጨምራል ወይም ይዘላል። በዘመናት ውስጥ አንዱ ሽምብራ አሥር ጊዜ፣ ሌላው አሥራ ስምንት ጊዜ፣ ሦስተኛው ሠላሳ ጊዜ የሚንተባተብ ይሆናል። የቁራጩን ርዝመት መለካት ከቻላችሁ የትኛው ከየትኛው ዘር እንደወረደ መለየት ቻላችሁ።

ለመለካት ግን ከተደጋጋሚው ቦታ ግራና ቀኝ ያለውን፣ ሌላ ቦታ የማይገኘውን ጽሑፍ ማወቅ አለባችሁ። ንባቡ የሚገባው እዚህ ነው። ግራና ቀኙ ከታወቀ በዚያው ልክ ሁለት አጫጭር ዲኤንኤዎች ይሠራሉ፤ እነሱ ቦታቸውን ፈልገው ይለጠፋሉ፣ በመካከላቸው ያለው ቁራጭም በፒሲአር ይባዛል። አዎ፣ ያው በኮሮና ጊዜ እስከ አፍንጫችን ድረስ የመጣው ፒሲአር። ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው፣ በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው ዘዴ ነው። የተባዛው ቁራጭ ጄል ላይ ፈስሶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት አጭሩ ቀድሞ ይሮጣል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ላቦራቶሪ ውስጥ በዓይን የሚታዩት እነዚያ መስመሮች ናቸው ምልክቱ።

ድሮ እነዚህን ቦታዎች ማግኘት አታካች ነበር፤ አንድ በአንድ እየታደኑ፣ በመቶዎች ሲገኙ ትልቅ ዜና ይሆን ነበር። ጽሑፉ በሙሉ ሲነበብ ነገሩ ተገለበጠ። ኮምፒውተሩን «የሚንተባተብ ቦታ ሁሉ አውጣልኝ» ማለት ብቻ ሆነ። ከዚያም አልፎ የብዙ ሽምብራዎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዱ ዘንድ ኤ ሌላው ዘንድ ጂ የሆነችበትን ነጠላ የፊደል ልዩነት መልቀም ተቻለ። እነዚህ ነጠላ ልዩነቶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ በማሽን ለመመርመርም ከድግግሞሾቹ ይልቅ ይመቻሉ። በ2021 ያው ቡድን 3,366 የሽምብራ ዓይነቶችን አንብቦ ውጤቱን አሳተመ፤ ከመካከላቸው 195ቱ የዱር ዘመዶች ነበሩ።

ምልክት በሽ በሽ ሆነ እንበል። ከሥሩ ጋር የሚሄደው የትኛው ነው? እዚህ ላይ አቋራጭ የለም፤ ማዳቀልና መለካት ብቻ። አይሲሲ 4958 የሚባል ሥሩ ጥልቅና ድርቅ የሚችል ሽምብራ፣ አይሲሲ 1882 ከሚባል ደካማ ሥር ካለው ጋር ተዳቀለ። ከልጅ ልጆቻቸው 264 የተለያዩ መስመሮች ወጡ፤ እያንዳንዱ የሁለቱን ወላጆች ጽሑፍ በየራሱ መንገድ የቀላቀለ ነው። እነዚህ በቱቦም በማሳም፣ በተለያየ ቦታና ወቅት ተዘርተው ተለኩ። ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሥራቸው የረዘመ፣ ምርታቸው በድርቅ ያልወደቀ መስመሮች በሙሉ ከአይሲሲ 4958 የወረሱት የጋራ የጽሑፍ ቁራጭ የትኛው ነው?

መልሱ በ2014 ታተመ፤ እኔን እስካሁን የሚገርመኝም እሱ ነው። ሽምብራ ስምንት ጥንድ ክሮሞሶም አለው። በአራተኛው ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻዋን 12 ከድርቅ መቋቋም ጋር የተያያዙ ባሕርያትን ትነካለች፤ በአንዳንዱ ባሕርይ ላይ በመስመሮቹ መካከል ከታየው ልዩነት እስከ 58 በመቶ የሚደርሰውን የምታብራራው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ባሕርይ መቶ ትንንሽ ጂኖች የሚጎትቱት ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ይህን ያህል ሲከብድ ማየት ብርቅ ነው። ቦታዋን ሰባት የድግግሞሽ ምልክቶች ከበዋታል፤ የአንዱ ስም ራሱ ቲኤኤ170 ነው፤ ከላይ ያልኳችሁ መንተባተብ። በ2015 ደግሞ የመስመሮቹን ጽሑፍ ገረፍ ገረፍ አድርጎ በማንበብ ቦታዋ ወደ 300 ሺህ ፊደል ጠበበች፤ በውስጧም 26 ጂኖች ብቻ ቀሩ። ከ740 ሚሊዮን ወደ 300 ሺህ!

የቀረው ያችን ቁራጭ ገበሬ ወደሚወደው ዝርያ ማሻገር ነው። አይሲሲ 4958 ሥሩ እንጂ ሌላው ነገሩ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ጄጂ 11 ከተባለ በሕንድ በሰፊው ከሚዘራ ዝርያ ጋር ተዳቀለ። የመጀመሪያው ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። እሱን መልሶ ከጄጂ 11 ጋር ማዳቀል፤ አሁን በአማካይ 75 በመቶው ጄጂ 11 ሆነ። ደግሞ መልሶ፤ 87.5። አንድ ጊዜ ደግሞ፤ 93.75። በየዙሩ የውጪው ደም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ያችም የምንፈልጋት ቁራጭ አብራ እንዳትጠፋ በየዙሩ ቡቃያዎቹ ይመረመራሉ፤ ምልክቱ ያለበት ይቀራል፣ የሌለበት ይነቀላል። ሥር ማጠብ የለ፣ ድርቅ እስኪመጣ መጠበቅ የለ። (ማዳቀሉ ግን አሁንም የእጅ ሥራ ነው። የሽምብራ አበባ ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ እምቡጡን በወረንጦ ከፍቶ ወንዴውን አውጥቶ የሌላውን ብናኝ መቀባት ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ወይም ለሁለት ፍሬ ነው።)

እንዲህ የወጡ መስመሮች ወደ ኢትዮጵያም መጡ። ሰው «ከሕንድ የመጣ ዘር» ሲባል አለቀለት ብሎ ያስባል፤ ግን መምጣቱ ጅማሬው ነው። የአገሪቱን የሽምብራ ምርምር የሚያስተባብረው ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ እነ አረርቲን፣ እነ ሻሾን በ1999 ያወጣ። መስመሮቹ በእኛ ጥቁር አፈር፣ በእኛ ብርድ፣ በእኛ አጠውልግ በሽታ ውስጥ ተፈትነው አንዱ ተመረጠ፤ በ2019ም ተለቀቀ። ስሙን ያገኘው ዕድሜያቸውን ለሽምብራ ከሰጡት የኢትዮጵያ አዳቃይ ከዶክተር ገለቱ በጂጋ ነው። በእኔ አስተያየት ከተሰጡት የዝርያ ስሞች ሁሉ የሚገባው ስም ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «እና ልውጥ ሕያው ነዋ?» አይደለም። ገለቱ ውስጥ ከሽምብራ ውጪ የገባ አንድም ጂን የለም። ሽምብራ ከሽምብራ ጋር ተዳቅሎ ነው የወጣው፤ ገበሬና አዳቃይ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ምልክቱ የአዳቃዩ ዓይን ነው እንጂ ተክሉ ውስጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሰው ይህን ሳይለይ ሲከራከር ስሰማ ትንሽ ያበሳጨኛል።

አሁን ደግሞ የማያስደስተው ክፍል። ካዛንቺስን የሚያውቅ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በ2024 መጨረሻ የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ስንት ቤት የምንጠቁምበት ምልክት አብሮ ጠፋ፤ ብዙ ሽሮ ቤቶችም ወደየሰፈሩ ተበተኑ። «ከዚያ ሱቅ ጀርባ» ብትሉ ሱቁ የለም። ዲኤንኤም ያፈርሳል። በእያንዳንዱ ትውልድ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቁርጥራጭ ይለዋወጣሉ፤ መቆረጡ በምልክቱና በጂኑ መካከል ከዋለ ሁለቱ ይለያያሉ። አዳቃዩ ምልክቱን አይቶ «አገኘሁት» ይላል፤ ጂኑ ግን የለም። ለዚህ ነው ከጂኑ ግራና ቀኝ ሁለት ምልክት የሚያዘው፤ ለዚህም ነው ቦታዋን ወደ 300 ሺህ ፊደል ማጥበብ ያን ያህል የሚያስደስተው። ምልክቱ ለጂኑ በቀረበ ቁጥር መለያየቱ ይከብዳል።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። በአይሲሲ 4958 ልጆች መካከል የሠራ ምልክት በምንጃር ወይም በደምቢያ ገበሬ ጎተራ ባለው ሽምብራ ላይ እንደዚያው ላይሠራ ይችላል። የእኛ ሽምብራ የራሱ ረጅም ታሪክ አለውና። ሽምብራ የተላመደው ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ወደ እኛ እንዴት ደረሰ? በ2023 የታተመ አንድ ጥናት አረንጓዴው አብዮት (የተሻሻሉ ዘሮች የተስፋፉበት ዘመን) ያልነካቸውን 421 የአገር ዝርያዎች ዘረመል መረመረ። የኢትዮጵያ ሽምብራ ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅም የሕንድም አሻራ አገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ከደቡብ እስያ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመጣ የባሕር መንገድ እንደነበረ የሚጠቁም ነው አሉ። አስቡት፤ የጥንት መርከብ የሄደበት መንገድ ከሽሮ እህላችን ዲኤንኤ ሲነበብ! ምልክት ለአዳቃይ ብቻ ሳይሆን ለታሪክ ጸሐፊም ይጠቅማል።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ እህል ሲሰበስብ የደነቀው ይህ ዓይነት ብዝኃነት ነበር። በ1976 የተቋቋመው የአገራችን የዘር ባንክ ዛሬ የሽምብራውንም የጓያውንም ዘር ከየወረዳው ሰብስቦ በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። የእኛ ሥራ የእነዚያን ጽሑፍ አንብቦ፣ የእኛን ሽምብራ ከእኛው ሽምብራ የሚለይ ምልክት ማውጣት ነው። የተዘጋጀ ምልክት ከውጭ ማምጣት ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የደብረ ዘይትና የአዲስ አበባ ላቦራቶሪዎች ድርሻ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሚቀጥለው ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅም ውሃ መቋጠርም የሚችል፣ ሌላው ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ እህል ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለበት፤ ከሌላ እህል ጋር በመጠኑ ሲበላ ብዙም አይጎዳም፣ በችግር ዘመን ግን ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በደላንታ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተጎድቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በሽታውን በየገጠሩ ተከታትለው ለዓለም አስታውቀዋል።

የጓያ ነገር ደግሞ ለምልክት ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በፍሬው ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ ዘንድሮ አነስተኛ መርዝ ያለው ብለው የመረጡት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማሳ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ዲኤንኤው ግን አፈር ቢቀየርም አይቀየርም። እስካሁን ያዘገየው የጽሑፉ ርዝመት ነበር፤ 6.3 ቢሊዮን ፊደል ለድሃ እህል ማን ያነባል? አሁን ግን ተነቧል። በእንግሊዝ የጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች የመሩት ሥራ በ2023 የጓያን ጽሑፍ ረቂቅና መርዙን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ይዞ ወጥቷል። ቤቱ የት እንደሆነ ማወቅ ተጀምሯል ማለት ነው፤ በአገራችን የዘር ክምችት ውስጥ ደግሞ መርዙ በተፈጥሮው የሚያንስ ጓያ መፈለግ አለብን። ከመካከላችሁ ባዮቴክኖሎጂ የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ካለ፣ የመመረቂያ ርዕስ ቸገረኝ ሲላችሁ ጓያን ጠቁሙት።